ጌጅና ሚዛን በውርጭ አገር

በማቀዝቀዣ ሙያ ውስጥ ዕድሜው ከሙያው ዕድሜ ብዙም የማያንስ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ጋዝን በዓይን የመሙላት ልማድ ነው። ባለሙያው ጌጁን ያገናኛል፤ ቫልቩን በትንሹ ይከፍታል፤ የጌጁ ቀስት ከለመደው ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ የመመለሻውም ቱቦ በእጁ ሲነካው ሲቀዘቅዝ፣ «በቃ፣ ጠግቧል» ብሎ ይዘጋል። ስንት ግራም ገባ ቢባል መልስ የለውም፤ የሚጠይቀውም የለም። ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተወለደ፣ ስለ ምንስ ይህን ያህል ዘመን እንደ ኖረ፣ በተለይም እንደ ላስታ ባለ ከፍተኛና ውርጫም አገር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ለምን እንደሚያሳስት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ነገሩን ከላስታ አንጻር የምናየውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ፣ ከብልባላ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ጸሐፊውን ያጋጠመው ነገር ሐሳቡን ስለ ቀሰቀሰው ነው። ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

ሚዛን ለዚያ አገር ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ብልባላን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ የሚያደርስባት ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ ይገበያዩበት የነበረው በቁጥር ነው። ወርቅ ግን በወቄት ይመዘን ነበር፤ የሜትር ሥርዓት በሕግ ከመጽናቱ በፊት ለወቄት ልክ ሆኖ ያገለግል የነበረውም ጠገራው ብር፣ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አባቶቻችን የበዛውንና የረከሰውን ቆጥረው፣ ያነሰውንና የከበረውን መዝነው ይገበያዩ ነበር ማለት ነው። የእኛም ሙያ ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጋዙ ብዙና ርካሽ በነበረበት ዘመን የሚመዝነው ሰው ጥቂት ነበር።

የማቀዝቀዣ መሣሪያ ታሪክ የሚጀመረው ጄኮብ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1834 በእንግሊዝ አገር በኤተር የሚሠራ መሣሪያ የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ነው። ከኤተር በኋላ አሞንያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜታይል ክሎራይድ ተራ በተራ በሥራ ላይ ዋሉ። እነዚህ ሁሉ ወይ ይመርዛሉ፣ ወይ ይቃጠላሉ፣ ወይም ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ባለሙያው ይፈራቸው፣ በጥንቃቄም ይይዛቸው ነበር። ይህ ፍርሃት የተወገደው ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ለማቀዝቀዣ እንዲያገለግል ባቀረቡትና ኋላ ፍሪዮን ተብሎ በተጠራው የጋዝ ቤተ ሰብ ነው። ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በትንፋሹ የሚነድ ሻማ አጠፋ፤ ጋዙ እንደማይመርዝም እንደማያቃጥልም በአንድ እስትንፋስ አሳየ። ኋላ አር-12 ስንል የኖርነው ጋዝ ከዚህ የተገኘ ነው።

አር-12 ሙያችንን ያስፋፋውን ያህል አስንፎታልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽታ የለው፣ አይመርዝ፣ አይነድ፣ ዋጋውም ቀላል ነበር። ቢተርፍ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ቢጎድል ይጨመራል። በአንድ የቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባው መጠን ከመቶ ግራም በላይ ስለ ነበረ አሥር ግራም ቢበዛ ወይም ቢያንስ መሣሪያው ባለሙያውን ይቅር ይለው ነበር። በዓይን የመሙላት ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ይቅርታ ነው።

የልማዱ ዋና መሣሪያ የሆነው ጌጅ ራሱ ከማቀዝቀዣው ሙያ ውጭ የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው ኢውዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ የእንፋሎት ሞተር በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ነበር። የተጠማዘዘች ጠፍጣፋ የብረት ቱቦ ውስጧ ሲገፋ ትዘረጋለች፤ ስትዘረጋም ቀስቱን ታዞራለች። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ጌጅ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፤ ፈሳሽና ተን አብረው ባሉበት ዕቃ ውስጥ ደግሞ ግፊት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ብዛትን አይደለም። ሲሊንደሩ ሙሉ ቢሆንም፣ ሩቡ ብቻ ቢቀርም፣ ሙቀቱ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ቀስቱ የሚያመለክተው አንድ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ቡርዶን ቱቦ የምትዘረጋው በውስጧ ያለው ግፊት በውጭ ካለው አየር በበለጠበት ልክ ነው። ጌጅ ልዩነትን ይለካል። የውጭው አየር ከሳሳ ጌጁም አብሮ ይለወጣል።

ይህ ሁለተኛው ነገር በባሕር ዳር አገሮች ለተጻፉት መጻሕፍት ደንታ የላቸውም፤ ለእኛ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የደጋ እመቤት ውኃው እየተንተከተከ ባቄላው አልበስል ሲላት ነገሩን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነውና። በባሕር ወለል የአየር ግፊት በስኩዌር ኢንች 14.7 ፓውንድ ሲሆን፣ እንደ ላሊበላ ባለ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ወደ 10.8 ይወርዳል። ልዩነቱ 4 ፓውንድ ገደማ ነው። ለምሳሌ አር-134ኤ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ጊዜ ጌጁ 2 ፓውንድ ያህል እንደሚያሳይ ሠንጠረዡ ይነግረናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ እውነት ነው። ላሊበላ ላይ ግን በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ጋዝ፣ ጌጁ ወደ 6 ፓውንድ ያሳያል። 2 ፓውንድ ካላየሁ ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ ጋዙን አጉድሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችንም ቢሆን ከዚህ ስሕተት ብዙ አልራቀም፤ ደሴም ደብረ ብርሃንም እንደዚሁ። የሚያስገርመው ጌጁ ከቱቦው ተፈትቶ አየር ላይ ሲያዝ ቀስቱ ዜሮ ላይ በትክክል መቀመጡ ነው። ስሕተቱ በጌጁ ላይ ሳይሆን በሠንጠረዡ ላይ ስለ ሆነ ጌጁን ስንመረምር አናገኘውም።

በቫኪዩም ሥራም ይኸው ይደገማል። መጽሐፉ ቀስቱ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ እስኪጠጋ ድረስ አየሩን ሳብ ይላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ፍጹም ባዶ የሆነ ዕቃ እንኳ 22 ኢንች ብቻ ነው የሚያሳየው። ስንቱ ጀማሪ ደኅና ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ፈታትቶት ይሆን!

ውርጩ የሚያመጣው ስሕተት ደግሞ በተቃራኒው ነው። በሞቃት ቀን፣ አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ በቤት ማቀዝቀዣ ኮንደንሰር ውስጥ ያለው አር-134ኤ በ40 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ይሆናል እንበል፤ ፍጹም ግፊቱ ወደ 10 ባር ነው። የላስታ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ አየሩ 3 ዲግሪ ላይ ሲሆን ይኸው ጋዝ በ15 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ይሆናል፤ ግፊቱም ወደ 5 ባር ይወርዳል። ግማሽ ነው። ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ ፈሳሹን በካፒላሪ ቱቦ ውስጥ የሚገፋው ኃይል ይዳከማል፤ ኢቫፖሬተሩ ይራባል፤ የመመለሻው ጌጅም ዝቅ ይላል። በትላልቆቹ መሣሪያዎች ላይ ያለው የመስተዋት ማያም አረፋ ያሳያል። ምልክቱ ሁሉ ጋዝ እንደ ጎደለ ይመሰክራል፤ ጋዙ ግን አልጎደለም። በዚህ ጊዜ የሚጨምር ባለሙያ ፀሐይ ስትወጣ የሚገለጥ ጥፋት ይሠራል። አየሩ ሲሞቅ የተረፈው ፈሳሽ ኮንደንሰሩን ይሞላል፤ ግፊቱ ያሻቅባል፤ ኮምፕሬሰሩ ይጋላል፤ መከላከያውም ያቆመዋል።

እንግዲህ በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ጌጅ ላይ፣ ከፍታው ቁጥሩን ወደ ላይ፣ ውርጩ ወደ ታች ይጎትታሉ። አልፎ አልፎ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ባለሙያው በዕድል ትክክል ይሆናል። ክብደት ግን በከፍታም በውርጭም አይለወጥም። በመሣሪያው ጀርባ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ 110 ግራም ተብሎ ከተጻፈ አሰብ ላይም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌም 110 ግራም ነው።

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ክትባት ባይኖር ኖሮ። ኢትዮጵያ የክትባት ማስፋፊያ ፕሮግራም የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ማቀዝቀዣ ማለት በመጀመሪያ የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ዕቃ ማለት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መብራት ባልገባባቸው ጤና ጣቢያዎች የተተከሉት በነጭ ጋዝ ነበልባል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ነበሩ። የነዚህ አሠራር ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 ካገኙት ዘዴ የተወሰደ ነው፤ አሞንያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን በታሸገ ቱቦ ውስጥ ያለ ኮምፕሬሰር ይዘዋወራሉ። ባለሙያው ጌጅ የሚሰካበት ቦታ ስለሌለው በጋዝ አሞላል ሊሳሳት አይችልም። በክር መቁረጥና ጥላሸት በመጥረግ ግን የሚጠመድበት ጊዜ አያንስም፤ ነጭ ጋዙ ሲያልቅም ማቀዝቀዣው ቁም ሣጥን ይሆናል። መብራት እየተዳረሰ ሲሄድ ኮምፕሬሰር ያላቸው ማቀዝቀዣዎች ተከተሉ፤ ከነርሱም ጋር ጌጁ ወደ ገጠር ወጣ።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል መቀመጥ አለበት። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ይፈራ የነበረው ሙቀትን ነው፤ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባቶች በሙቀት ይበላሻሉና። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዘጊ አናዳ፣ የትክትክና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ግን ይልቁን በረዶ ከነካቸው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። የበለጠ የሚያስፈራው ብልቃጡ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ለዓይን ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። ነርሷ ብልቃጡን ነቅንቃ ዝቃጩ በፍጥነት ሲወርድና ፍርፋሪ ሲሠራ ካላየች በቀር ልጁ የተወጋው ውኃ መሆኑን ማንም አያውቅም። በውርጭ አገር ደግሞ ከሙቀት ይልቅ የሚቀርበው ይህ አደጋ ነው።

ጋዝን በልክ የመሙላት ሐሳብ በፋብሪካዎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ወደ ጠጋኙ እጅ የመጣው ግን በደረጃ ነው። በመጀመሪያ በላዩ መስመር የተሰመረበት የመስተዋት ሲሊንደር መጣ። ይህ የሚለካው ክብደትን ሳይሆን ይዘትን ነበር፤ ፈሳሽ ጋዝ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። አር-12 በዜሮ ዲግሪና በ20 ዲግሪ መካከል የጥግግቱ ልዩነት 5 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የሲሊንደሩ ሠሪዎች በዙሪያው የሚዞር ሽፋን አደረጉለት፤ ባለሙያው በሲሊንደሩ አናት ያለውን ጌጅ አንብቦ ለዚያ ግፊት የሚስማማውን መስመር ይመርጣል። ብልኅ ዘዴ ነበር። ይሁን እንጂ ጌጁ በባሕር ወለል ልክ የተሰመረ ስለ ሆነ ደጋ ላይ የመስመር ምርጫውም በጥቂቱ ይዛነፋል። መስተዋቱም ይሰበራል፤ በአገራችን መንገድ ላይማ ተዉት።

የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የተወለደው ከሌላ ሙያ ነው። ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩዥ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1938 እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አገኙ፤ በብረት ላይ የተለጠፈ ቀጭን ሽቦ ብረቱ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም ይለወጣል። ዛሬ በሲሊንደሩ ሥር የምናስቀምጠው ሰሌዳ በውስጡ የያዘው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሚዛኑ ብረትና ሽቦ እስከ ሆነ ድረስ ውርጭ ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም። ለዚህም ነው አብዛኞቹ የአገልግሎት ሚዛኖች ከዜሮ ዲግሪ በታች እንዲሠሩ ያልታሰቡት። ብረቱ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ዜሮው ይንሸራተታል፤ ባትሪው ይደክማል፤ የቁጥሩ መስኮት ቀስ እያለ ይለወጣል። ጥሩ ነገሩ ጥፋቱ የሚታይ መሆኑ ነው። የጌጅ ስሕተት ይደበቃል፤ የሚዛን መንሸራተት ግን ምንም ሳይጫንበት ቁጥሩ ሲሄድ ባለሙያው በዓይኑ ያየዋል።

ሚዛንን ከምርጫ ወደ ግዴታ ያሸጋገረው ግን ውርጭም ከፍታም አይደለም። ሞሊናና ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የፍሪዮን ጋዞች የኦዞንን ንብርብር እንደሚያጠፉ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የተከሰተውን የኦዞን መመናመን ገለጡ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በታዳጊ አገሮችም አር-12ን ማምረትና በአዲስ መልክ መጠቀም እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲያበቃ ተወሰነ። በቦታው የተተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን የሚያሞቅ ሆኖ በመገኘቱ በተራው እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ማሻሻያ ሥር ገባ፤ ኢትዮጵያም ማሻሻያውን እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃለች። ሚጅሊ በአንድ እስትንፋስ ያሳየው ደኅንነት በስልሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተገለበጠ። ጋዝን ወደ አየር መልቀቅ ነውር ሆነ፤ የሚወጣውም የሚገባውም እንዲመዘገብ ተፈለገ፤ መመዝገብም መመዘንን ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣው አር-600ኤ፣ ማለት አይሶቡቴን፣ የቀረውን ይቅርታ ጨርሶ ወሰደው። በሃይድሮካርቦን የሚሠራ የቤት ማቀዝቀዣ እ.ኤ.አ. በ1993 በምሥራቅ ጀርመን በነበረ አንድ ፋብሪካ በብዛት መመረት ከጀመረ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል፤ ዛሬ በፀሐይ ኃይል ከሚሠሩት የክትባት ማቀዝቀዣዎችም ብዙዎቹ ይህንኑ ጋዝ የያዙ ናቸው። የአይሶቡቴን ጠባይ ልዩ ነው። በሥራ ላይ እያለ የመመለሻው ወገን ግፊት ከውጭው አየር በታች ስለሚሆን ጌጁ የሚያሳየው ቫኪዩም ነው፤ ከዚያ ምን ይነበባል? መጠኑም ቀድሞ በአር-12 ከሚሞላው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአንድ አነስተኛ ማቀዝቀዣ ጋዝ በጠቅላላው 50 ወይም 60 ግራም ቢሆን ነው፤ ሁለት ጠገራ ብር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቱቦ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራውን የሚያውቁ ይታዘቡኛል። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የተለመደ የመሙያ ቱቦ በውስጡ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ፈሳሽ አይሶቡቴን ሞልቶበት ቢቀር ይህ 16 ግራም ገደማ ነው። ሚዛኑ እንደ ወጣ የቆጠረው፣ ነገር ግን ወደ ማቀዝቀዣው ያልገባ ጋዝ ነው። በ50 ግራም ላይ 16 ግራም! ባለሙያው በሚዛን ሞላሁ ብሎ በጌጅ ከሞላው ይልቅ ሊሳሳት ይችላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣለውን የበላዔ ሰብእን ሚዛን ሳይ ይህ ቱቦ ትዝ ይለኛል፤ በዚያ 78 ነፍስ በአንድ ወገን ተቀምጣ በእመቤታችን ጥላ ጥርኝ ውኃ ደፋባት። በእኛም ሚዛን የሚደፋው ብዙ ጊዜ ከቁጥር የማናስገባው ጥርኝ ነው። አጭር ቱቦ መያዝ ወይም በቱቦው የቀረውን ቆጥሮ መቀነስ መድኃኒቱ ነው።

አሁን ወደ ብልባላ መንገድ እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የደጋ ቀበሌ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ አንድ ማቀዝቀዣ ለማየት ከአንድ ወጣት ረዳት ጋር ሄድሁ። ማቀዝቀዣው ለቤት አገልግሎት የተሠራ ነው፤ ለክትባት የሚመከር አልነበረም፤ የነበረው ግን እርሱ ነው። ከእኛ በፊት ሌላ ባለሙያ ጋዝ ሞልቶበታል። ነርሷ በሽታውን ከብዙ መሐንዲስ ይልቅ ጥርት አድርጋ ነገረችን። «ጋሼ፣ ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት በረዶ ይሠራል። ቀን ሲሞቅብን መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርነው፤ በማግሥቱ የመንጋጋ ቆልፉን ክትባት ነቅንቄ ሳየው ፍርፋሪ ሆኗል» አለች። ብልቃጦቹን አስወግዳለች። በዚያ ቀን ለሚከተቡት ልጆች መድኃኒቱ ከላሊበላ በበረዶ ሣጥን መጥቶ እናቶች በግቢው ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ ከላይ የተናገርነው ነው። ቀዳሚው ባለሙያ በማለዳ ውርጭ ጌጁ ዝቅ ቢልበት ጨምሯል። ከቀትር በኋላ ግፊቱ ሲያሻቅብ ኮምፕሬሰሩ በመከላከያው ይቆማል፤ ማቀዝቀዣውም ይሞቃል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚበርድ የሚያቆመው የለም፤ መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ተዙሯልና እስኪነጋ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሰሌዳው «አር-134ኤ፣ 110 ግራም» ይላል። ውስጡ ያለው ስንት ነው? ይህን ሊነግረን የሚችለው ሚዛን ብቻ ነው።

ሚዛኑ ግን ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሯል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዜሮ አደረግነው፤ ባዶውን ሲሊንደር ጫንበት፤ አሁንም ዜሮ አደረግነው። ቫልቭ ሳንከፍት 3 ግራም አለ። ከዚያ 7፤ ከዚያ 11። ረዳቴ ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። በር ላይ ጋቢ ተከናንበው ይመለከቱን የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ ግን፣ «ልጄ፣ እርሱም በርዶት ነው እኮ! ይሙቀው እንጂ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ባትሪዎቹን አውጥተን በኪሳችን ያዝን፤ ነፋሱ እንዳይነካው በሩን ዘጋን፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪተካከል አንድ ሰዓት ያህል ተውነው። እሳት ዳር ማቅረብ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚያሞቀው አልፈለግነውም፤ ለሽማግሌው ይህን ማስረዳት ከሥራው ሁሉ ከበደኝ።

ቁጥሩ ጸጥ ካለ በኋላም ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር፤ የመፈተሻ ክብደት አልያዝንም። ከእናቶቹ አንዷ በማተቧ ላይ ጠገራ ብር አንጠልጥላለች። ለነገሩ ምክንያቱን ብንነግራት ሥቃ ፈትታ ሰጠችን። ማንጠልጠያ ቀለበት ስለ ተበየደበት፣ ዳሩም ስለ ተፋቀ እውነተኛ ክብደቱን አላመንሁትም። ሦስት ጊዜ አስቀምጠን ሦስት ጊዜ አንሥተን ሦስቱንም ጊዜ 29 ግራም ማለቱ፣ ሲነሣም ወደ ዜሮ መመለሱ ግን ለጊዜው የሚያስፈልገንን ነገረን። ሚዛኑ ቃሉን አያጥፍም።

ኮምፕሬሰሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሥተን ዘይቱን አሞቅን፤ በብርድ ጊዜ ጋዙ በዘይቱ ውስጥ ይሸሸጋልና። ከዚያ ጋዙን ወደ ሲሊንደሩ ሰበሰብን። በዘይቱ የቀረውን ሳንቆጥር 165 ግራም ወጣ። ከሚገባው አንድ እጅ ተኩል መሆኑ ነው። ቫኪዩም ስንስብ ቀስቱ 21 ኢንች ላይ ደርሶ ቆመ፤ ረዳቴ አሁን ደግሞ ፓምፑን ጠረጠረ፤ በዚያ ከፍታ ከዚህ በላይ የሚሳብ አየር እንደሌለ በወረቀት ላይ አሰላሁለት። የአዲሱን ጋዝ ሲሊንደር ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አቆየነው፤ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከሰል ላይ አላስቀመጥነውም። ከዚያም አውጥተን አድርቀን በሚዛኑ ላይ አቆምነው፤ በአጭር ቱቦ፣ በተን መልክ፣ ቀስ እያልን ሞላን። 100፣ 105፣ 108። በ110 ዘጋን። በዚያን ጊዜ የመመለሻው ጌጅ የሚያሳየውን ረዳቴ አይቶ «ጋሼ፣ አልጠገበም እኮ» አለኝ።

ያን ሌሊት ብልባላ አደርን። በማግሥቱ ማለዳ ስንመለስ የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ በማቀዝቀዣው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥነው ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ያሳያል። ከቀትር በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን፤ 5 ተኩል ሆነ፤ ኮምፕሬሰሩም አልቆመም። ነርሷ መቆጣጠሪያው ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደረገችበት፤ በማቀዝቀዣውም ጀርባ ከሰሌዳው ሥር ቀኑን ጽፋ «110 ግራም፣ በሚዛን የተሞላ» የሚል አከለችበት።